ማን ባዘዘው?

ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከወይራው ጥላ ሥር፣
ጠረጴዛዬ አለች፣ አንድ እግሯ የሚያጥር፤
በጠፍጣፋ ድንጋይ ደግፌ አቁሜያት
አርባ ዓመት ሙሉ «አቤት!» አልኩባት።
«ጓድ ሆይ» ብዬ ጀመርኩ፣ «ክቡር ሆይ» ላይ ደረስኩ፤
አርዕስቱ ሲለወጥ ወገቤን አልመለስኩ።
የታሸገ ሱቅ ይከፈት፣ የታጠረ መሬት ይለቀቅ፣
የተወሰደች ላም ትመለስ፣ የታሰረ ሰው ይጠየቅ…
ሁሉንም ለምኜያለሁ።
የገዛ ዕቃችንን ሲመልሱልን እንኳ
እጅ ነስቻለሁ።
የጽሕፈት መኪናዬ «ም» ፊደሏ ሳስታ
ዳናዋ አይታይም፣ «እለምናለሁ»ን መትታ መትታ።

ሰኞ ነው። ከአንገረብ ጉሙ ገና ሲነሣ
አንጓች መጣች፣ በእጇ የትናንት ምሳ፣
ከጣቢያው በር ላይ የተመለሰባት፣
በጨርቅ እንደታሰረ ማንም ያልፈታላት።

«ልጄን ወሰዱብኝ ረቡዕ ወደ ማታ፣
ቅዳሜ ገበያ፣ ከሚሰፋበት ቦታ።
የሰው ሱሪ ነበር፤ አንድ እግሩን ቀምቅሞ
ሌላው ሳይነካ መርፌው ቀረ ቆሞ።
ወረቀት አልያዙ፣ ማኅተም የላቸው፤
‹ና!› ብቻ ነው ያሉት። ‹ና› ነው ማዘዣቸው።

ሐሙስ ጣቢያ ሄድኩ።
‹የታሳሪው ስም?› አለኝ ተረኛው።
‹ባዘዘው› አልኩት።
‹ማን ባዘዘው?› አለኝ መዝገቡን እየገለጠ።
‹እሱማ ለኔም ጠፍቶኝ ነው የመጣሁት፣ ልጄ፤
ማን ባዘዘው?›
ሊሥቅ ነበር፤ ግራ ቀኙን አየና
ሣቁን ከነምራቁ ዋጠው።»

እኔም እንደ ልማዴ፣ ካርቦኑን ደርቤ፣
አርባ ዓመት የኖረ ቃል ከሆዴ ስቤ፣
«ለክቡርነትዎ፣ በታላቅ ትሕትና፣
ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁና…»
ብዬ ሳነብላት፣ በርበሬ ያቀላው መዳፏ
መኪናዬ ላይ ዐረፈ።

«ፍቀው።»
«የቱን?»
«እለምናለሁን።
ለልመና ቢሆን ደጀ ሰላም መቼ ጠፋኝ?
ልጄ ቁራሽ ነው እንዴ፣ ከእጃቸው የሚተርፈኝ?
እኔ በርበሬ ቸርቻሪ ነኝ፤ ሚዛን አላጣም።
አርባ ስምንት ሰዓት ነው ሕጉ ያለው፤ አይበልጥም።
ዓርብ ማታ ሞላ።
ቅዳሜ ትርፍ ነው። እሑድ ትርፍ ነው።
በሰው ልጅ ላይ ይህን ትርፍ ማን ፈቀደው?»

ፈራሁ። አልዋሽም።
«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፣
ሲባል አልሰማሽም? ቃልሽ ትንሽ ይለስልስ።»

እሷ ግን በአገጯ ግንቡን አሳየችኝ፦
«ያውልህ እልፍኙ። ጣሪያ አለው? ንገረኝ።
ሰማዩ ወርዶ ገብቶ አዳራሹ ውስጥ ተኝቷል፤
ከግድግዳው ጫፍ ላይ ይኸው ሣር አብቅሏል።
ሰማይ ከታረሰ፣ ቡቃያም ካወጣ፣
ለጣቢያ አዛዥ ታዲያ ተረቱ ከየት መጣ?»

አባቴ ይሉኝ ነበር፦ በሕግ አምላክ ሲሉት
ወራጅ ውሃ ይቆማል።
ቃሃን ዕድሜዬን ሙሉ ስሻገረው ኖርኩ፤
አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አላየሁትም፣
በጋ ካልሆነ።
ግን እኮ፣ በሕግ አምላክ ያለውም አልነበረም፤
እኔም ጭምር።

ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ አስገባሁ።
«ጠ» ፊደሌ ግትር ናት፤ ሥራ ስለማታውቅ
ሁለቴ መታኋት፣ ጥርሷ እስኪላቀቅ፦
እጠይቃለሁ።
ከዚያ በታች ክቡር የለ፣ እግር የለ፤
ስሟና አውራ ጣቷ ብቻውን ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ ጻፈችበት፣
አንዲት መስመር፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ታሳሪውን ይዞ ነገ በሦስት ሰዓት
ማን እንዳዘዘው ቀርቦ ያስረዳ።»

ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣
ውሃው ይቁም አይቁም።
ሱሪው ግን ሱቁ ውስጥ በአንድ እግሩ ተንጠልጥሏል፤
ባለቤቱ መጥቶ «ይቆየኝ» ብሎ ሄዷል።
እኔም መኪናዬን ፒያሳ ወስጄ
«ም»ን ላሳድስ ነበር፤
ተውኩት።